ስለ ነጯ የጉልበት ኪኒንህ

ውድ ሳጂድ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደ ነው። ስልክ ብታነሳ ኖሮ ይህን ሁሉ በአፌ እነግርህ ነበር። ከጎንደር ስምንት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳህም። እንግዲህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እማ ተርፋለች። አስቀድመህ ይህን እወቅ።

መተማ ዮሐንስ ቤታችን የሆነውን አልረሳኸውም። እማ ሠላሳ ዓመት መሬት ላይ ተቀምጣ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ጨርቅ፣ እያጣጠፈች ስትሸጥ ኖራ ጉልበቶቿ አልታጠፍ አሏት። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ ከጓዳ ይሰማኝ ነበር። ከሁሉ የከፋባት ግን ስትሰግድ ግንባሯን መሬት ለማስነካት ሱጁድ መውረድ አለመቻሏ ነው። አንተም መድኃኒት ቤት ብለህ ከከፈትካት ቆርቆሮ ቤት፣ ከድንበር ማዶ የመጣች ስም የሌላት ነጭ ኪኒን በፌስታል ቋጥረህ አመጣህላት። «ወላሂ፣ በሦስት ቀን ትሰግጃለሽ» አልካት። በሦስተኛው ቀን ሰገደች። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። እጅህን ሳምኩ፣ ሳጂድ! ዛሬ ያን ሳስብ ከንፈሬን ያቃጥለኛል።

ዓመት ከመንፈቅ ዋጠችው። ፊቷ ክብ ሆኖ ሲሞላ ጎረቤቶች «አማረባት» አሉ። ቆዳዋ በትንሽ ነገር ሲበልዝ፣ ውኃ ጠጥታ አልረካ ስትል ነገርኩህ። «ዕድሜ ነው፣ አትጨቅጭቂኝ» አልከኝ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ዕቃህን ጭነህ አጫጆች ወደሚሰበሰቡበት አብደራፊ ወረድክ። በወሩ የእማ ኪኒን አለቀ፤ ደወልኩ። «ኸላስ፣ አለቀ፣ ዕቃው የለም። ትንሽ ትታገሥ» ብለህ ዘጋህብኝ። ውሸትህን ነበር። ለአጫጆቹ ይዘኸው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ዉዱእ ስትታጠብ ወደቀች። ጎንደር እስክንደርስ አምቡላንስ ውስጥ «እማ፣ እማ» እላለሁ፤ መልስ የለም። ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር መነን የምትባል ሐኪም ናት። ፌስታሉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ይህን ማን አዘዘላቸው?»

«ወንድሜ።»

«ሐኪም ነው?»

በአንተ ፋንታ እኔ አፈርኩ።

ኪኒኗ እብጠትና ሕመም የምታፍን ኃይለኛ መድኃኒት ናት አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ስትወሰድ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ተመሳሳይ ነገር ማምረት ይተዋል፤ በአንዴ ስትቋረጥ ሰው ይወድቃል። የስኳር በሽታዋንም ያስነሳችው ይህችው ኪኒን ናት። ጉልበቷ ራጅ ሲነሳ ደግሞ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ልስልስ ነገር አልቋል።

«የጉልበት ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም» አለች ዶክተሯ። «የእናትሽ የመገጣጠሚያ መበላት ነው። ጭናቸውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ክብደት መቀነስ፣ ምርኩዝ፣ ሲብስባቸው ተለክቶ የሚሰጥ ማስታገሻ ይበቃቸው ነበር። ይህ ሁሉ ካቃተ ቀዶ ሕክምናም አለ። ጉልበቱ የተጠማዘዘበት ሰው ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ዕረፍትና ፊዚዮቴራፒ ይፈልጋል። ሪህም የራሱ መድኃኒት አለው። ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ያለው ጉልበት ግን ሳይታከም ውሎ ማደር የለበትም። መግል ከያዘ መገጣጠሚያውን ይበላዋል።»

አንተ ለሁሉም አንዲት ኪኒን!

በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሁለት ክራንች፣ አንድ ቀጥ ያለ እግር። ያረጋል ይባላል፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ ነው። ጉልበቱን ማጭድ ጫር አድርጎት አበጠበት። «አብደራፊ በሣር ራኩባ ጥላ ሥር የሚሸጥ አንድ ረጅም ሰው ነጭ ኪኒን ሰጠኝ» አለኝ። «‹ወላሂ፣ በሦስት ቀን› አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሕመሙ ጠፋ። ዘጠኝ ቀን አጨድኩበት።» በዘጠኙ ቀን ውስጥ፣ ሕመሙ ታፍኖ፣ መግሉ ጉልበቱን በላው። እዚህ ቀደው አጠቡለት። እግሩ ተረፈ፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። ጎንበስ ቁጢጥ ብሎ የሚያጭድ ሰው በማይታጠፍ ጉልበት ምን ይሠራል? እስቲ ንገረኝ!

«ያ ሰው ወንድሜ ነው» አልኩት።

«መርቄው ነበር እኮ» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እማ አሁን ቁጭ ብላ እግሯን እያነሳች ታወርዳለች፤ «አሥር» ስላት «ዘጠኝ ነው» እያለች ትሟገተኛለች። መድኃኒቱን ሐኪሟ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰች ታስተዋታለች። ስለ አንተ ሳነሳ «ተዪው፣ ልጄ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን አልተውኩህም። ሰኞ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስምህንም፣ ራኩባህ ያለበትንም ተናገርኩ። ፈርሜበታለሁ። ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መንገድ ላይ ናቸው። አትሽሽ። በቀረችህ ሰዓት የሸጥክላቸውን ሁሉ በየእርሻው ዞረህ ፈልግ። በድንገት እንዳያቋርጡት፣ ኪኒኑን ይዘው ሐኪም ጋ እንዲሄዱ ንገራቸው። ስምህንም ሳትደብቅ ንገራቸው። ይህን ካደረግህ የትም ቢያስሩህ ስንቅ ይዤ እመጣለሁ። ካላደረግህ ደጄን አትርገጥ።

እስካሁን እህትህ፣
ሰዓዲያ