ፊትህን የፈለጉት ሰዎች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሙተወሊ ሺሐታ፣ ሚላን።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ «ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ቤት ተከራይቷል» ብለህ ካሳቅኸን ወዲህ፣ እናታችን በየሶላቷ መጨረሻ ለግራ ጉልበትህ ለብቻው ዱዓ ታደርግለታለች። ምድጃው ያቃጠለህ ክንድህ ዳነልህ ወይ? ሂባ ደህና ናት? ልጆቹስ ዐረብኛውን ጨርሰው ረሱት ወይስ ለስድብ የሚሆን ተርፏቸዋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባባ ስኳር እንደ ጠባዩ ነው፤ ያን ጣፋጭ ኩናፋ ሰርቆ ሲበላ ይወጣል፣ ሲያዝ ይወርዳል። እኔም በአካሌ ደህና ነኝ።

«ምነው፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ?» ሳትል አትቀርም። ስደውልልህ አባባ ከእጄ ይነጥቀኛል፣ ከሱ እናታችን ትነጥቀዋለች፤ ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ «አለሁ፣ ሁሉ ሰላም ነው» ከማለት በቀር ቃል አይወጣኝም። የምጽፍልህ ነገር ደግሞ ፊት ለፊትም ሆነ በስልክ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ቅዳሜ ለሚበረው ለጎረቤታችን ለአብዱል ሙጢዕ አሽጌ ሰጥቼዋለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

በሱቃችን የሚሆነውን መቼም ታውቀዋለህ። ሙሽራና ሙሽሪት ተያይዘው ይገባሉ፣ ሁለቱ እናቶች ከኋላ ይከተላሉ። አልጋው ላይ ይስማማሉ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ይኮራረፋሉ፣ ቡፌው ጋ ሲደርሱ ጦር ይማዘዛሉ። ስንት ቀለበት እዚያ ቡፌ ፊት ተመልሷል! አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ሰዎች ተከፍሏቸው ሲጣሉ እያየሁ፣ «እኛ ዘንድ እውነተኛው በነጻ አለ እኮ!» አልኩ። ባለቤቴ ከውሰር ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን «ታዲያ ምን ይጎልትሃል? ተነስተህ ጻፈው እንጂ!» አለችኝ።

አራት ገጽ ጻፍኩ። ስሙን «የሙሽራ ዕቃ» አልኩት። በየሳምንቱ አንድ ቤተሰብ ዕቃ ሊገዛ ድምያጥ ይመጣል፣ ይጣላል፤ ባለሱቁ መሀል ገብቶ ያስታርቃል። ባለሱቁ ማን እንደሆነ አልጻፍኩም፣ ምን ያስጽፈኛል? እኔ ነበርኩ። ለአንተ ምን እደብቃለሁ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ሳይቀር ተለማምጃለሁ።

ካይሮ ያለ አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሰሪ ድርጅት ቀጠሮ ሰጠኝ። የሠርጌን ኮት ለብሼ ሄድኩ፤ ሆዴ ላይ አልቆለፍ ስላለ ከፍቼ ነው የለበስኩት። ዳሊያ የምትባል ወጣትና አለቃዋ ረኡፍ ተቀመጡ፣ እኔ ቆሜ ተናገርኩ። ወንድሜ፣ እንደዚያን ቀን ተናግሬ አላውቅም! የሙሽሪትን እናት ሆኜ ጮህኩ፣ የሙሽራውን እናት ሆኜ አኮረፍኩ፣ ሙሽራውን ሆኜ ላቤን ጠረግሁ። ረኡፍ ከሳቁ ብዛት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አበሰ። «ይሄ ለረመዳን ነው! ሰው ኢፍጣሩን በልቶ ሲጋደም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው» አለ። ዳሊያም «የቀረጽከው ነገር ካለ እስቲ አሳየን» አለችኝ።

ስልኬ ላይ አሥራ አንድ ቪዲዮ ነበረኝ። በአሥሩ እኔ አለሁ፤ ክራባት አስሬ፣ ጸጉሬን በውሃ ለጥፌ። እሷ በአውራ ጣቷ ቶሎ ቶሎ ታሳልፋቸዋለች። አሥራ አንደኛው ባለፈው ሐምሌ ለዕረፍት የመጣህ ጊዜ የተቀረጸው ነው። ከመንሱራ የመጡት ሁለት እናቶች ትዝ ይሉሃል? አንደኛዋ «ግድግዳ የሚያህል ቡፌ ካልተገዛ ልጄን አልሰጥም» ስትል፣ ሌላዋ «ልጄ የተከራየው ቤት እንጂ ሙዚየም አይደለም» ስትል፣ አንተ በካናቴራ፣ ሐብሐብህን እየገመጥክ ከጓሮ ብቅ አልክ። «ሐጃ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እርስዎ ቤት ቡፌ ውስጥ ባለው ስኒ ሻይ ከጠጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አልካቸው። ሴትዮዋ በጣታቸው ቆጠሩ። «ካገባሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ፤ አንድም ቀን!» አሉ። «ታዲያ ልጅዎንም የስኒ ዘበኛ አድርገው ሊቀጥሯት ነው?» አልካቸው። ሁለቱም ተደጋግፈው ሳቁ፣ ትንሹን ቡፌ ገዝተው ሄዱ።

ዳሊያ ደግማ ከፈተችው። ሦስተኛም ከፈተችው። «ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለች። «ወንድሜ ነው፣ ጣሊያን አገር ፒዛ ይጋግራል» አልኩ። ረኡፍ ትከሻዬን ይዞ፣ «ስማኝ ዘክሪያ፣ ሐሳቡ ያንተ ነው፣ ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ ፊቱ ግን የሱ ነው። አምጣልንና እንፈራረም። ሥራ ይኖረዋል፣ ረመዳን ሲያልፍም ይቀጥላል። አንተ ከካሜራው ኋላ ትሆንልናለህ» አለኝ። ከካሜራው ኋላ!

ወደ ድምያጥ ስመለስ ቅናት አንጀቴን እንደ ብል በላው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሱቅ በየጠዋቱ የከፈትኩት እኔ፣ አባባን ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ፤ ደንበኛው ግን ገና ከደጅ «ሙተወሊ የለም እንዴ?» ይላል። እናታችንን ሳጫውታት «እህ፣ እሱ ቢኖር ኖሮ» ትለኛለች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ማለት ይኸው ነው። አንተ በዓመት ሦስት ሳምንት መጥተህ ሐብሐብ ትበላለህ፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ የሚወራው አበላልህ ነው። ቀናሁብህ ወንድሜ። ይህን ስጽፍልህም እየቀናሁ ነው።

በሳምንቱ ዳሊያ ደውላ «ወንድምህ ምን አለ?» ስትለኝ፣ አፌ ከኔ ቀድሞ «እምቢ አለ» አላት። በዚያም አላበቃሁም። «በሱቁ ያፍርበታል፣ ሁለተኛ አልረግጠውም ብሏል» አልኳት። እሷም «ሲያሳዝን! እስከ ረጀብ ወር አጋማሽ ሐሳቡን ካልለወጠ ሌላ ሱቅ እናያለን» አለች። ለቤቱ ሰው ደግሞ «አልወደዱትም» ብዬ ነገርኩ። አባባ «ተዋቸው፣ የካይሮ ሰው እንጨት ምን ያውቃል!» ብሎ አጽናናኝና ከደበቃት ኩናፋ ግማሹን ቆርሶ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ማየት አቅቶኛል።

ባለፈው ወር «እዚያ የሚያኖረኝ ሥራ ባገኝ ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ ልጆቼ አያታቸውን በስልክ ብቻ እያወቁ ማደጋቸው ያንገበግበኛል» ያልከኝን ረስቼው አይደለም። እያወቅሁ ነው የዋሸሁት።

ከትናንት ወዲያ ያችን ቪዲዮ ልሰርዛት ከፈትኳት። ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰማኋት። ምስሉ የሚንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ በሳቅ እየፈረስኩ ነበር። ሴቶቹ ሲወጡ «ኧረ እሱን አላህ አያሳጣኝ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። የኔ ድምፅ ነው። መቼ እንዳልኩት እንኳ አላስታውስም። ሳልሰርዛት ቀረሁ።

ዳሊያ ጋ ደውዬ ውሸቴን ልመልስ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ገና «ሃሎ» ስትል ዘጋሁት። ስልኳን በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ፣ አንተው ደውልላት። ስለኔ የፈለግኸውን ንገራት። ብትመጣ ግን አውቀህ ና፤ ፊትህን ለካሜራ ባሰማመሩህ ቁጥር እቀናለሁ፣ አኮርፋለሁም። ቢሆንም ና።

ለሂባ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርስልኝ። ያሲንን በርታ በልልኝ፤ ትንሿን መለክን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ከውሰር ሰላም ብላችኋለች፣ ለሂባ የላከችው የደረቀ የሞሎኺያ ቅጠል ከአብዱል ሙጢዕ ሻንጣ ውስጥ አለ። እናታችን ትስምሃለች፣ አባባ ይመርቅሃል፤ ምን እንደጻፍኩልህ ሁለቱም አያውቁም።

የዳሊያን ስልክ ስታይ የመጨረሻዋ ቁጥር ተሰርዛ እንደገና ተጽፋለች። የእጅ ስህተት እንዳይመስልህ፤ መጀመሪያ ሆን ብዬ አሳስቼ ነበር የጻፍኩልህ። ትክክለኛዋ ሰባት ናት።

ወንድምህ ዘክሪያ
ድምያጥ፣ ረጀብ 3 ቀን 1444