እሾሁን ነቅዬ

ጥቅምት 4
አዲሱ ዋና ዳይሬክተር ለጸሐፊያቸው እየሳቁ ሲነግሯት በበሩ በኩል ሰማሁ፦ «ያለ እሱ እኔ ደንቆሮ ነኝ!» እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ከውጭው ጦር ጋር ስብሰባ ሲኖር መሐል የምቀመጠው አስተርጓሚ። የሚኒስቴሩን ደረጃ ዛሬ ቀስ ብዬ ወረድኩ... እንደ ትልቅ ሰው።

ጥቅምት 9
የውጭው ጦር ከባድ መኪና የጎረቤቴን የልብስ ሰፊዋን ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ ገጨው። ሞተ። እናቱ እጄን ያዙኝ።
«አንተ እነሱ ዘንድ ትገባለህ አይደል? ሾፌሩ እዚሁ ይዳኝልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»
«እሺ እትዬ።»
እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ጥቅምት 13
ስብሰባ። ዳይሬክተሩ፦ «ሾፌሩን አስረክቡን።»
የውጭው ጦር ኮሎኔል እግሩን አነባብሮ በቋንቋው መለሰ፦ ሾፌሩ እሁድ ወደ አገሩ በርሯል። ነገሩ ተዘግቷል። መንግሥታችሁን ከከፋው ያባርረን፣ እናያለን።
እኔ፦ «ጉዳዩ በጥልቀት እየተመረመረ ነው። ሐዘናችሁን እንጋራለን።»
አሠራሬ ነው። የቃሉን እሾህ ነቅዬ አቀርባለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ጠረጴዛ አልተገለበጠም፤ ይኼም ሙያ ነው።
«እንጠብቃለን» አሉ ዳይሬክተሩ።
ቤት ስገባ ለእትዬም ያንኑ ነገርኳቸው። ለምን? እሳቸው እንኳ የሚገለብጡት ጠረጴዛ የላቸውም...

ኅዳር 2
እትዬ ለፍርድ ቤት የሚለብሱትን ጥቁር ቀሚስ እየሰፉ ነው። «ቀኑ ሲቆረጥ ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ እንዳላረፍድ።»

ኅዳር 6
ዛሬም አልነገርኳቸውም። በጓሮ በር ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ኅዳር 11
ነገርኳቸው። የስፌት መኪናው ቆመ።
«መቼ ነው የሰማኸው?»
«ጥቅምት አሥራ ሦስት።»
«እና እጅጌውን እስክገጥም ዝም አልክ?»
ወለሉን አየሁ። ክር ሞልቶታል።
«አለቃህስ ያውቃሉ?»
«አያውቁም። እኔ ነኝ የደበቅኳቸው።»
«በል ሂድና ንገራቸው። ቢያውቁማ ዝም አይሉም ነበር።»

ኅዳር 12
የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ይዤ ገባሁ። ኮሎኔሉ ያለውን ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ ያባርረን ያለውንም ሳላስቀር። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን ጠረጉ። ደብዳቤውን ሳያነቡ መለሱልኝ።
«ጥሩ አስተርጓሚ ነህ። ሥራህን ቀጥል።»
ምነው አልደነገጡም? ስወጣ ፊቴ ሳያስታውቅ አልቀረም፤ ጸሐፊዋ ውሃ ሰጠችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።
«ውይ አንተ!» አለች። «ሰውዬው እኮ ስድስት ዓመት የተማሩት ኮሎኔሉ አገር ነው።»