ስምሽ ያልሰፈረበት ትርጉም

የሺዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እንዴት ሰንብተሻል» ይባላል። ለአንቺ ምን ተብሎ እንደሚጀመር ግን ማንም አላስተማረኝም። ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሆነ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፤ ደህና ነኝ ማለት ግን ይከብደኛል።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ዘንድሮ የቀበና ወንዝ ክፉኛ ሞልቶ መሻገሪያውን እንጨት ወሰደው፤ አሁን ገበያ የምንሄደው ዞረን ነው። መብራት ገባልን። ስትመኚው የኖርሽው አምፖል ከጠረጴዛችን በላይ ተንጠልጥሏል፤ ባበራሁት ቁጥር ምነው አንድ ዓመት ቢቀድም እያልኩ እናደዳለሁ። ልጃችን አልማዝ ቁመቷ አንቺን አክሏል። ነጠላሽን ለብሳ ከጓሮ ብቅ ስትል ክው እል ነበር፤ አውቃብኝ መሰለኝ፣ አሁን የራሷን ነው የምትለብሰው።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ደብተሮቹ ነው። ጣልያኖች በሰሜን በኩል የጥንት ከተማ ሲቆፍሩ የጻፏቸውን ደብተሮች አለቆቼ ከመዝገብ ቤት ጠርተው ወደ እንግሊዝኛ መልስ ብለው ሲሰጡኝ፣ ጣልያንኛ የማውቅ መስሏቸው ነበር። እኔም አላውቅም አላልኩም። የተማመንኩት አንቺን ነው። በጠላት ጊዜ የአንድ መንገድ መሐንዲስ ልጆች ሞግዚት ሆነሽ፣ እነሱ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ቋንቋውን ከነንባቡ እንደተማርሽ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን ከበን እንቀመጣለን። አንቺ ጣልያንኛውን በአማርኛ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ አማርኛሽን በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። የእያንዳንዱ ድንጋይና አፈር ስም በእኛ ቤት አማርኛ በኩል ነው ያለፈው። ስንቱን ተከራከርን! የሸክላ ስባሪ ባጋጠመን ቁጥር አንቺ ገል ትያለሽ፤ እኔ ለመንግሥት ወረቀት ይህ ቃል ቀለለ እላለሁ። «ወይ ጉድ፣ ገልን ከገል ሌላ ምን ልበለው?» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

አንድ ቀን ደብተሩ ስለ «ደረቅ ግንብ» የሚናገር ነገር አመጣብን። እኔ ዝናብ ካባራ በኋላ የደረቀ ግንብ ነው ብዬ እንዲያው ጽፌ ሰጠሁ። ለአንቺ ግን አልተዋጠልሽም። በማግስቱ ሳይሆን በሳምንቱ እሑድ፣ ከእንጦጦ ማርያም ስንመለስ፣ አንድ ሽማግሌ በማሳቸው ዳር ድንጋይ ሲክቡ አየሽና ቆምሽ። በእናትሽ ቋንቋ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተሽ፣ ለምን ጭቃ እንደማያደርጉበት ጠየቅሻቸው። ጭቃ ካለው ጎርፉ ይገፋዋል፣ ድንጋዩ ብቻውን ከሆነ ግን ውሃው በመሐሉ ያልፋል አሉሽ። እጄን ጨብጠሽ፣ ደረቅ ያሉት ጭቃ የሌለበትን ነው፣ ካብ ማለታቸው ነው አልሽኝ። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድሽው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም።

ሰኞ አለቃዬ እርማቱን አይተው አመሰገኑኝና ከየት እንዳገኘሁት ጠየቁኝ። ከመዝገበ ቃላት ነው አልኳቸው።

ቤት ገብቼ ይህንኑ ሳወራሽ፣ «እንግዲያው መዝገበ ቃላት ነዋ ያገባኸው» ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ሳቁን ተውሽና፣ «ሥራው ሲታተም የእኔስ ስም የት ይገባል?» አልሽኝ። ሰው ጣልያንኛውን ከየት አመጣችው ይላል፣ የጠላት አገልጋይ ይሉሻል፣ ለአንቺው ብዬ ነው አልኩሽ። ዳግመኛ አላነሳሽውም። የጨረስናቸው ሁለት ደብተሮች ባንድ ተጠርዘው በእኔ ስም ብቻ ታተሙ። መጽሐፉን አገላብጠሽ አየሽና «ጥሩ ወረቀት ነው» አልሽ። ያቺ ንግግርሽ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

ለአንቺው ብዬ ያልኩሽ ውሸት ነበር፣ የሺዬ። ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው ነው።

ከተዝካርሽ በኋላ ሦስተኛው ደብተር ተሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ አንድ መስመር እንኳ ማንበብ አልቻልኩም። ዓይኔን አሞኛል እያልኩ ሦስት ሳምንት ሸሸሁ። አለቃዬ አምነውኝ ሐኪም እንዲያየኝ ወረቀት ሲጽፉልኝ አፈርኩ። ወረቀቱን መልሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለምን እንደ ደበቅሁሽ ሲጠይቁኝ ያንኑ የተለመደ ሰበቤን አቀረብኩ። እሳቸው ግን የሚያውቋትን ጥቂት ጣልያንኛ የተማሩት ጣልያኖች ድንጋይ ሲያስፈልጧቸው እንደነበር ነገሩኝ፤ በዚህ ከተማ ያን ጊዜ ለነሱ ያልሠራ ማን አለ አሉኝ። አንድ ቃል ለማውጣት ድፍረት ባጣሁበት ነገር የሚፈርድብሽ ሰው አልነበረም።

ደብተሩ ለሌላ ተርጓሚ ተሰጠ፤ እኔም ወደ መዝገብ ቤት ተመለስኩ። ይገባኛል። ቢሮ የቀሩትን መጻሕፍት አስፈቅጄ፣ በእያንዳንዱ ላይ ከስሜ በላይ ስምሽን ከነአባትሽ በቀለም ጻፍኩበት። አንዱን አበላሽቼዋለሁ። ባሕር የተሻገሩትን ግን መመለስ አይቻልም። ለተላኩላቸው ቤተ መጻሕፍት አንድ በአንድ ደብዳቤ ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም። ለአልማዝም ነገርኳት። አልቅሳ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን መጥታ ፖስታዎቹ ላይ አድራሻ ትጽፍልኝ ጀመር።

ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ድሃ ይበላል፣ ቄሶቹም በጸሎት ስምሽን ይጠሩታል። ጎረቤቱ ሁሉ በልብህ ያዛት ይለኛል። በልቤማ መቼ ጠፍተሽ ታውቂያለሽ? ነገር ግን እኔ ብቻ ባስታውስሽ፣ ያው እንደ ደበቅሁሽ መቅረቴ ነው። እጄ ብዕር እስከያዘ ድረስ ለማያውቁሽ ሰዎች እጽፋለሁ፤ የተረጎመችው እሷ ነበረች፣ እኔ ጸሐፊዋ ነበርኩ እያልኩ።

ባልሽ