ስልክ የማይመስል ካሜራ

ውድ ወንድሜ ክንዴ፣

ደኅና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጀምር በሕይወት መኖርህንም አላውቅ። አገሩ ታውኮ ስልክህ ከጠፋ ወዲህ ስደውል ብውል መልስ የለም። ጎረቤታችን እትዬ ሸጌ ወደ ጎንደር ስለምትሄድ ይህን በእጇ ልኬልሃለሁ። አብሮ ያለው ፎቶ የእማዬ ነው።

ስለ እማዬ አልደብቅህም፤ አእምሮዋ እየከዳት ነው። እኔን አንዳንዴ በአክስታችን ስም ትጠራኛለች። አንተን ግን አልረሳችህም ነበር፤ መከራውም እሱ ነው። ስልክ ወደ ፊቷ ከዞረ አንተ በምስል የደወልክ ይመስላታል። እኛ ቤት ስልክ ወደ እሷ የሚዞረው ላንተ ብቻ አልነበር? ልጆቹ ፎቶ ሊያነሷት ሲሉ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ክንዴ፣ እህል ቀመስክ ልጄ?» ትላለች። ትጠብቃለች። መልስ ስታጣ፣ «ወደዚህ ያመጡን ሰዎች ኋላ ይከተላችኋል ሲሉኝ አምኜ ጥዬው መጣሁ፤ ተቀይሞኝ ነው» ብላ እያለቀሰች ትውላለች፤ እህልም አትቀምስ። ሰውነቷ አልቋል።

እኔ ደግሞ ፎቶዋን እፈልጋለሁ። ከልጆቹ ጋር ስትበላ፣ ስትስቅ፣ እንዲያው የዕለት የዕለቱን፤ ሳታመልጠኝ። ስለዚህ እዚሁ ሰፈራችን ራማት ኤሽኮል አንድ ካሜራ ቤት ገባሁ። ልጄ ሚሪ፣ «ኢማ፣ ዬሽ ላኽ ፔለፎን!» አለችኝ፤ በዕብራይስጥ እናቴ፣ ስልክ አለሽ እኮ ማለቷ ነው። በዓይኔ ገሠጽኳት። ሻጩ ኦረን ደግሞ ይኼ በጨለማ ያነሣል፣ ይኼ ሩቁን ያቀርባል እያለ አደረቀኝ።

«ስልክ የማይመስለው የቱ ነው?» አልኩት።

ሳቀ። ነገሩን ሳጫውተው ሳቁን ዋጠና ኪስ የምትገባ ትንሽ ካሜራ አወጣልኝ። ስትከፈት አፍንጫዋ ብቅ ይላል፤ ዓይንህን ቀዳዳዋ ላይ ለጥፈህ ነው የምታነሣው። የጎንደር ፎቶ አንሺ መሰልኩ፤ እሷን ገዛሁ።

ዓርብ ጠዋት እማዬን ጀልባ የሚቆምበት ባሕር ዳርቻ፣ ማሪና፣ ወሰድናት። ካሜራዋን ስታይ እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ ቀጥ አለች፤ እንደ ድሮው፣ ፈገግታ የሚባል የለም። ስምህን አልጠራችም። አነሣኋት። ትንሹ ልጄ ታሚር አይስክሬሙን አፍንጫው ላይ ሲለቀልቀው ሳቀች፤ ሳቋንም አነሣሁት። ሳታለቅስ ፎቶ ተነሣች፣ ክንዴ! ደስታው አቅሌን አሳተኝና ከካሜራዋ ጀርባ ያለውን ምስል አሳየኋት።

ጠጋ ብላ አየችው። «ይቺ አሮጊት የማን እናት ናት?» አለችኝ።

«የክንዴ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «እኔም ክንዴ የሚባል ልጅ ነበረኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ቢዞርባትም አትጣራም፣ አታለቅስም። እህልም ትበላለች። ሚሪ ስለ አያቷ «ሳፍታ ተሻላት» ትለኛለች፤ ምን ብዬ ላስረዳት? ለዚህ ነበር እኮ ካሜራ ፍለጋ የወጣሁት። አሁን ግን ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በሕይወት ካለህ ይህን ደብዳቤ ሳታጥፍ ድምፅህን በእትዬ ሸጌ ስልክ ቅረጽልኝ። ስለ ችግርህ አታውራ፤ እሱን ለኔ ጻፍልኝ። እማዬን ጥራትና እህል መቅመስህን ብቻ ንገራት።

ደጅ ደጁን የምታይ እህትህ፣
የሺሃረግ