ከሥጋው በፊት ስለ ተመረመረው ካርቶን

ለተከበሩ የትምህርት ቤት ምሳ አቅራቢዎች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በር ላይ ቆመን የምናውቀው ቢሮዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኛም ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ዳሩ ግን ያልሆነውን ሆነ ብሎ በወረቀት ማስፈር የመሥሪያ ቤትዎ ሙያ ስለሆነ፣ ሙያችሁን ላለመሻማት ተውኩት።

እኔ ለሦስት መቶ ሃያ ልጆች ምሳ የማበስል፣ ልጆቹም “እማማ ጭልፋ” የሚሉኝ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። እዚሁ ምድጃ ፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ከዚህ በፊት የላክኋቸው አራት ማመልከቻዎች ጸሐፊዎ ዘንድ በሙሉ ጤንነት ተኝተው እንደሚገኙ ስለ ተነገረኝ፣ አምስተኛውን ከእንቅልፍ ላድነው ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቁጥጥሩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ተቆጣጣሪዎችዎ ጨዋ ሰዎች በመሆናቸው ከመምጣታቸው ሦስት ቀን ቀድመው ለሥጋ አቅራቢው ይደውላሉ። በዚያን ቀን ሥጋው ቀይና ቀዝቃዛ ሆኖ ይመጣል፣ መኪናው ታጥቦ ይመጣል፣ ሾፌሩ ሳይቀር ነጭ ጋውን ለብሶ ሐኪም መስሎ ይወርዳል። ልጆቹም ገና አንድ ጉርሻ እንዳነሱ “እማማ፣ ዛሬ እንግዳ አለ እንዴ?” ይሉኛል። በዓመት ሁለት ጊዜ ጥሩ ሥጋ ስላበሉልን እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛው ጉዳይ ለመጻፍ ይከብደኛል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ካርቶኑን ስከፍት ሥጋው ጠርዝ ጠርዙ አመድማ ሆኖ፣ ሽታው አላምር አለኝ። ርእሰ መምህሩን ጠራሁ። እሳቸውም አሽትተው ፊታቸውን አዞሩና ጣታቸውን ካርቶኑ ላይ ወዳለው ሰማያዊ ማኅተም ቀስረው “ማኅተም አለው እኮ፤ ያለ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መመለስ አንችልም፣ ልጆቹም ጾማቸውን ሊውሉ ነው” አሉኝ። እኔም ሥጋውን ደጋግሜ አጥቤ፣ ከወትሮው አብልጬ ቀቅዬ፣ ከሩዝ ጋር አቀረብኩት። አፍንጫዬ አይሆንም እያለኝ ማኅተምዎን አመንኩ። ይህን የምጽፍልዎ ተናድጄ ብቻ አይደለም፤ አፍሬም ነው።

ማታውን አርባ አንድ ልጆች ታመሙ። አርባዎቹ በሳምንት ውስጥ ተመለሱ። አንዷ፣ የበር ጥበቃችን ልጅ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ኩላሊቷ ተጎድቶ እስከ ዛሬ ሆስፒታል ተኝታለች። አባቷ ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍትልኝ እንደ ድሮው “እንዴት አደርሽ እማማ” ይለኛል፤ አንድም ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የእርስዎ ሰዎችም ሳይዘገዩ ደረሱልን። ጥፍሬን አዩ፣ ሽርጤን ፎቶ አነሱ፣ እጄን በቀን ስንት ጊዜ እንደምታጠብ ጠየቁ። በመመሪያችሁ መሠረት ከየቀኑ ምሳ አንድ ሳህን ለሁለት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለምናስቀምጥ የማክሰኞውን ሳህን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በረዶ ያለው ሳጥን ስላልያዙ ተመልሰን እንወስደዋለን ብለው ሄዱ። በአራተኛው ቀን ሳጥኑን ይዘው መጡና፣ ናሙናው ሁለት ቀን ስላለፈው ለምርመራ እንደማይሆን ጽፈው ሄዱ። ሳጥኑ ግን በጣም ጥሩ ሳጥን ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በሦስተኛነት ልቁጠረው። ያለፈው ሐሙስ የአቅራቢው ሾፌር “ምርመራው ስለ ተጠናቀቀ” ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሥጋ ማቅረብ እንዲቀጥሉ የፈቀዳችሁበትን ደብዳቤ ይዞልን መጣ። ድንች የማስቀምጥበት ካርቶን አጥቼ ስለነበር ካለህ ጣል አድርግልኝ አልኩት። ለጋስ ሰው ነው፤ ከመኪናው ኋላ ገና ያልተገጣጠመ፣ ሥጋ ያልነካው አንድ እስር አዲስ ካርቶን አወረደልኝ። ዘርግቼ ባየው ሁሉም ላይ “ተመርምሮ ለምግብነት ተፈቅዷል” የሚለው ማኅተም ከነፊርማው ተመትቶበታል። ደንግጬ ብጠይቀው፣ ምንም ሳያፍር “ተቆጣጣሪው መንገዱ ስለሚርቀው በወር አንዴ መጥቶ ካርቶኑን መትቶልን ይሄዳል እማማ፤ ሥራ እንዳይቆም ብለን ነው” አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከብቱ በሜዳ ሣር እየጋጠ ሳለ ሥጋው ለልጆች ተስማሚ መሆኑን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት በመምራትዎ እንኳን ደስ ያለዎ። እኔ ካርቶን ላይ ያለውን ነገር አምኜ የሰው ልጅ አስተኛሁ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ እርስዎን እምቢ እንዳይልዎ እጸልያለሁ።

እስከ ዓርብ እንድፈርምበት የላካችሁልኝ ወረቀት “መንስኤው የወጥ ቤቱ የንጽሕና ጉድለት መሆኑን አምናለሁ” ይላል። አልፈርምም። የራሴን ድርሻ ግን በገዛ እጄ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፦ ሥጋው ሸቶኛል፣ እያወቅሁ አብስዬዋለሁ። ከስሜ በታች ባዶ መስመር ትቻለሁ፤ የማኅተሙ ባለቤት እንዲፈርምበት ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሰኞ በፊት አንድ ሰው ይላኩ፤ አንዲት ካርቶን ይክፈት፣ ያሽትት፣ ይቁረጥ። ያ ካልሆነ የሰኞው ሥጋ ምድጃዬ ላይ አይወጣም። ልጆቹ ድንችና ምስር ይበላሉ፣ እርስዎም የስንብት ደብዳቤዬን ይጽፋሉ። እርሱ መቼም እንደ ማመልከቻዬ እንደማይዘገይ አልጠራጠርም።

ማኅተም ሳይኖራት በሙሉ አክብሮት ከወንበርዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣
የወጥ ቤቱ ኃላፊ

ማስታወሻ፦ ቁጥጥሩ ከነጭራሹ ቆሟል ብለው እንዳይሰጉ። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ልጆቹ ሳህናቸውን ፊታቸው አድርገው ማንኪያ ሳያነሱ ይጠብቁኛል። አንዲት ትንሽ ልጅ ከፊት ወንበር ሆና “እማማ፣ አንቺ በላሽ?” ትለኛለች፤ መሐል ቆሜ ቀምሼ እስክውጥ ድረስ ሦስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ልጅ ጉሮሮዬን ያያል። ሰኞ ሥጋው ይቅረብ ካሉ ግን መጥተው በእኔ ቦታ ይቁሙ፤ መጀመሪያ የሚውጡት እርስዎ ነዎት።