አሥራ አንዱ የዶቅማ ፍሬ

ሐምሌ 4፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

እማዬ ዛሬም ቀድማኝ ጓሮ ወጥታለች። ዶማ ይዛ በመደቡ ዙሪያ ቦይ ትከፍታለች። የአቃቂ ጥቁር አፈር ውኃ ከያዘ አይለቅም፤ እሷ የለመደችው የጎሬን ቀይ አፈር ነው። ዶቅማው ከተተከለ ሃያ አንድ ቀን። ምንም የለም። ጎንበስ ብላ አየችና ገባች።

አንቺ ደብተር፣ ለምን እንዳልበቀለ የማውቀው እኔ ነኝ። ላንቺም እስከ ዛሬ አልጻፍኩም።

አባቴ ሲሞት ጎሬ ሄጄ ሳመጣት ከእጇ ያልለየችው አንድ ጥቅል ነበር። አሥራ አንድ የዶቅማ ፍሬ፣ በእርጥብ ኮባ የተጠቀለለ። ከቤታቸው ጀርባ ካለው ጫካ የለቀመችው። መንገዱ አድክሟት ስትተኛ ፈታሁት። ረጥቧል። ሊሻግት ነው ብዬ ሰፌድ ላይ አሰጣሁት፤ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ፣ ሲዘንብ ምድጃው አጠገብ። አራት ቀን። ባለሙያ መሆኔ ነው! በቆሎም ባቄላም ለዘር እንዲህ አይደል የሚቀመጠው። ስትጠይቀኝ ውኃ አርከፍክፌ መልሼ ጠቀለልኩት። ዐይኗ ደክሟል፤ አላወቀችም።

የባቡር ጣቢያውን አትክልት የሚንከባከቡት አቶ በላይ ናቸው ትናንት የነገሩኝ። የዶቅማ ፍሬ ከደረቀ ሞተ፣ ከአፍ ወደ አፈር ነው አሉ።

ስትተክለው ተስላለች። ከበቀለ እዚህ እኖራለሁ፣ እዚሁ ቅበሩኝ፤ ካልበቀለ አገሬ መልሱኝ። እኔ ደግሞ በአምስት ዓመቴ ለአክስቴ ተሰጥቼ አቃቂ ያደግሁ ነኝ። እናት ያገኘሁት ዘንድሮ ነው።

ሐምሌ 6፣ ሐሙስ

ተስፋዬ ከድሬዳዋ ገባ። ባሌ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሳምንቱን ሐዲድ ላይ ነው። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ፊቴን ሲያይ ተወ። ባቡሩ ውኃ የሚሞላበት አንድ ጣቢያ አለ፣ ወንዙ ዳር ዶቅማ ሞልቷል አለ። አዲስ ፍሬ ላምጣና እንተካው አለኝ።

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።

ሐምሌ 13፣ ሐሙስ

አመጣ። በጣሳ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሶ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ቆመን በላነው፤ ፍሬውን ለማውጣት መብላት ነበረብን። ምላሳችን ጠቆረ። እንደ ሌባ ልጅ በሳሙና ታጠብን።

ከዚያ መደቡን ቆፈርኩ። የእሷን አንዱን ስይዘው ጣቴ ላይ ፈረሰ፤ ውስጡ ጥቁር ዱቄት። አሥራ አንድ አውጥቼ አሥራ አንድ ቀበርኩ። የቦዩን ጠርዝ እሷ እንዳደረገችው አስተካከልኩ። ስትመለስ ሻይ አቀረብኩላት። መረቀችኝ።

ነሐሴ 28፣ እሑድ

በቀለ! ሦስት። ስሜን እየጠራች ጮኸች፣ እባብ ያየች መስሎኝ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ቅጠሉ ሲወጣ ቀይ ነው፣ እንደኛው አገር ነው ትላለች። እያለቀሰች ትስቃለች። ምሳ ጠርጋ በላች፤ ከመጣች ጀምሮ እንዲህ በልታ አታውቅም። እኔም ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ያደረግሁትን ረሳሁት።

መስከረም 9፣ ማክሰኞ

ከምሠራበት ፋብሪካ ስወጣ ጎረቤታችን መንገድ ላይ አስቁማኝ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። እማዬ እድር ገብታለች። ቄሱንም የመቃብር ቦታ ጠይቃለች።

ይህስ ይሁን። ማታ ራት ላይ ሌላውን ነገረችኝ። ለወንድሟ ልጅ ለደርቤ መልእክት ልካለች። ቅዳሜ ሳምንት መጥቶ የቡና መሬቷን ይረከባል፤ ቤቱንም ጭምር። ጣቷን ቀለም ነክራ ትፈርማለች። እንግዲህ ምን ያደርግልኛል፣ እግዜር እዚህ ሁኚ ብሎኛል አለች።

እግዜር! እኔ ነኝ እኮ። እኔና ተስፋዬ በጣሳ።

መስከረም 14፣ እሑድ

ከተስፋዬ ጋር ተጣላሁ። ተይው፣ ማን ተጎዳ፣ ዛፍ ዛፍ ነው ይላል። ደስ ብሏት የለ? ብሏታል። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ከፈረመች በኋላ ብታውቅ የምትመለስበት ቤት የላትም። ብነግራት ትሄዳለች።

መስከረም 18፣ ሐሙስ

ነገርኳት። መስቀል እስኪያልፍ ብዬ እንጂ ትናንትም አፌ ላይ ነበር።

ችግኞቹን ስትኮተኩት አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ። ሰፌዱን፣ ምድጃውን፣ ጣሳውን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ስንት ቀን አሰጣሽው አለች። አራት አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ ሦስቱንም ውኃ አጠጣች፣ ሦስተኛውን ረዘም አድርጋ።

ከዚያ፣ «ያኔ ብትነግሪኝ ቅር ሳይለኝ እሄድ ነበር። አሁን ሰፈሩን ለመድኩት። ምን አድርጊ ነው የምትዪኝ?»

ቅሪ አልኳት። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። አነሳችኝ።

«ስለቴ ካንቺ ጋር አይደለም፣ ልጄ» አለች።

መስከረም 20፣ ቅዳሜ

ደርቤ ወረቀቱን ይዞ መጣ። አልፈረመችም። እኔን ነው የምትመልሰኝ አለችው። ፊቱ ጠቆረ፣ ግን አክስቱ ናት፣ እሺ አለ። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። የእኔን ገመና ሸፈነችልኝ።

መስከረም 22፣ ሰኞ፣ 4 ሰዓት

ከአውቶብስ ተራ ተመልሼ። ሄደች።

ወንበሯ መስኮት ጥግ ነው። በመስኮቱ እጄን ይዛ ችግኞቹን ኅዳር ላይ ውርጭ እንዳይመታቸው ማታ ማታ ጆንያ አልብሻቸው አለችኝ። እነሱ ምን አደረጉ አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ አልጠየቅኋትም። አውቶብሱ ሲነሳ እጄን የለቀቀችው እሷ ናት።

ጓሮ ወጥቼ አላየሁም። ዛሬ አልችልም።

በጥቅምት ከፋብሪካው ፈቃድ እጠይቃለሁ። ጎሬ እሄዳለሁ። ተመለሽ አልላትም። የምትቀበሪበትን ቦታ አሳዪኝ እላታለሁ።