ስለማይጮኸው ውሻችን ለክቡር ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የቤት እንስሳት ምዝገባና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? እኛ ባወጡት መመሪያ ጥላ ሥር፣ ውሻችን ጭምር፣ እስከ ሰኞ ድረስ ደህና ነን። እስከ ሰኞ ማለቴ፣ የተጨመረብንን የውሻ ክፍያ ስላልከፈልን በዚያ ዕለት የጽሕፈት ቤትዎ መኪና መጥቶ ውሻችንን እንደሚወስድ በማኅተም ስለተነገረን ነው።

የውሻው ባለቤት የእህቴ ልጅ ናት፤ ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ውሻውን «ዳኛው» እንለዋለን፤ የሁለቱንም ወገን ክርክር ሳያቋርጥ ሰምቶ ስለሚተኛ። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. የሚጮኽ ውሻ ጠባቂ ነውና ጥቂት ይክፈል፣ የማይጮኽ ውሻ የቅንጦት ነውና ብዙ ይክፈል የሚለውን መመሪያ ላፈለቀው ጭንቅላት አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው። ውሻው ይጮኽ እንደሆነ ሊፈትን የመጣው ተቆጣጣሪዎ ፈተናው እስኪያልቅ ማንነቱን እንዳይናገር ታዟልና ዝም ብሎ በራችንን ከፍቶ ገባ። ዳኛው ደግሞ በር ከፍቶ የሚገባ ሁሉ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ መሆኑን ከቡችላነቱ ጀምሮ ተምሯል፤ ደንበኛ ላይ የሚጮኽ ውሻ ያላት ልብስ ሰፊ ጦሟን ታድራለች። ስለዚህ እንደ ልማዱ መስታወቱ ፊት ያለውን ቦታ ለእንግዳው ለቀቀለት። የእህቴ ልጅም ሜትሯን አንሥታ ትከሻውን፣ ደረቱንና ወገቡን ለካችው፤ እጅዎን ያንሡ ስትለውም በታዛዥነት አነሣ። ተለክቶ ካበቃ በኋላ ውሻችሁ ወድቋል አለን። የጨርቁን ቀለም ግን ሳይነግረን ስለሄደ እስካሁን እየጠበቅነው ነው።

2ኛ. ቅንጦት የተባለውን ነገር በዓይኔ ለማየት ጓጉቼ የዳኛውን ማደሪያ ፈተሽኩ። የሚተኛው ከመቀስ የተረፈ ቁርጥራጭ ላይ ነው። ከቁርጥራጮቹ አንዱ ሐር መሆኑን መደበቅ አልፈልግም፤ በዚያች ቁራጭ ስፋት ልክ ብታስከፍሉን ቅር አይለንም።

3ኛ. የእንስሳት ሐኪሙ ያለው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ማዶው ደግሞ ሌላ አስተዳደር ነው። እዚህ ውሻን ያለ ገመድ ማስኬድ ያስቀጣል፤ እዚያ በገመድ መጎተት ጭካኔ ነው ተብሎ ያስቀጣል። ስለዚህ ዳኛውና እኔ አስፋልቱ መሃል ቆመን፣ መኪናው ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋብን፣ ገመድ እንፈታለን፤ ስንመለስም እዚያው እናስራለን። በዚህ ሁሉ ያመጣነውን የክትባት ወረቀት ጸሐፊዎ የማዶ ነው ብላ መለሰችልን። በሽታው ግን መንገዱን ለመሻገር ፈቃድ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

4ኛ. የእህቴ ልጅ ከፈተናው ወዲህ የሰው እጅጌ ገልብጣ እየሰፋች ነው። ባለፈው ረቡዕ መርፌዋን አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ እባክህ መጮኽ አስተምረው፤ እሱ ከሄደ ይህ ቤት አይበጀኝም» አለችኝ። እሷን እምቢ የምልበት አንጀት የለኝምና ግቢው ውስጥ በአራት እግሬ ሆኜ ጮኽኩ። ዳኛው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ፤ ውሳኔውን ግን ለሌላ ጊዜ ቀጠረ። ሌላው የሰማኝ ጎረቤታችን ጡረተኛው ነበር። በማግስቱ ማልዶ አመለከተ፣ እናንተም በተለመደው ትጋታችሁ፣ በግቢያችን ድምፁ የጎረነነ፣ ያልተመዘገበ ሁለተኛ ውሻ መኖሩን ገልጻችሁ ማስጠንቀቂያ ላካችሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሁለተኛው ውሻ እኔ ነኝ። መጮኼ በምስክር ተረጋግጧልና በጠባቂነት መዝግባችሁኝ፣ ዳኛውን በእኔ ጥበቃ ሥር እንድትተዉልን በትሕትና እለምናለሁ።

የማኅተምዎ ቀለም አይድረቅብዎ፣ ተቆጣጣሪዎችዎም በየቤቱ በነፃ ይለኩ እያልኩ፣ ገመዱ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የልብስ ሰፊዋ አጎት፣ ለጊዜው ያልተመዘገበ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ በግቢያችን እውነተኛ ሁለተኛ ውሻ ተገኘ። በየማለዳው ከመኪናዎ መስኮት ብቅ ብሎ እግረኛውን ሁሉ የሚሳደበው ጠጉራሙ ነጭ ውሻዎ ነው። ዳኛው ደንበኛ መስሎት ሳይጮኽ አስገብቶታል፤ አሁን ሐሯ ላይ ተኝቷል። ሰኞ መኪናው ሲመጣ ሁለቱም በር ላይ ይጠብቃሉ። ሾፌሩ እንዳይሳሳት አደራ ይንገሩልን፤ አንገቱ ላይ የአምና የምዝገባ ቁጥር ያለው የእኛ ነው፣ ምንም ቁጥር የሌለው የእርስዎ።